ለቃለ መጠይቁ የለበስኩት

ሚልዱራ፣ ማርች 6 ቀን 1994

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሐዘን ሰሌኔን ከወገቤ ፈትቼ ቢጫ ቀሚስ ለበስኩ።

እትዬ ቶአካሴ፣ የጠየቁኝ ይህንኑ ስለሆነ መልሱን ከሰላምታው አስቀደምኩት። አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ቫኒላው ከአውሎ ነፋሱ ተረፈ? እኛ ጋ ወይኑ ተለቅሞ እያለቀ ነው፤ ማሸጊያው ቤት ግን ገና ሥራ አለ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብሎ መጻፉ ያሳፍረኛል እንጂ ደህና ነኝ።

እንደዚያ ለብሼ ያየችኝ ሎሳሊኔ እናንተ ጋ ላለችው እህቷ ስልክ እንደምትደውል አውቅ ነበር፤ በዚያው ምሽት ትደውላለች ብዬ ግን አላሰብኩም። እርስዎ የባሌ ታላቅ እህት ነዎት። ከእኔ መስማት ሲገባዎ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰሙት። ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀምሬ ሁለቱንም ቀድጄያቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ በነፃ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልግ ማሸጊያው ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ግሌኒስ የምትባል ሴት ናት፤ በጎ ፈቃደኞቹን የምትመርጠው እሷ ናት። ለቃለ መጠይቅ ነይ አለችኝ። ምን ልልበስ ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቄ ደስ አላት።

"ንጹሕና ቀለል ያለ ነገር" አለች። "ጣት የሚሸፍን ጫማ። ሽቶ አይኑር። መሬት የሚጎተት፣ የሚንጠለጠል ነገር አይሁን፤ ጀርም ይይዛል። ደግሞ ፈካ ያለ ቀለም ብታደርጊ ጥሩ ነው፤ በሽተኞቻችን ጥቁርና ግራጫ ማየት ሰልችቷቸዋል።"

እትዬ፣ የእኔን ሰሌን ያውቁታል። ያስታጠቁኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ከደረቴ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ ጠርዙ ተበጣጥሷል፤ ስሄድ ወለል ይጠርጋል። ባል የሞተባት ሴት ዓመት እስኪሞላ የምትታጠቀው እንዲህ ያለውን ነው፤ አላማረርኩም። ግን ለዚያች ሴት በስልክ ምን ብዬ ላስረዳት?

ኮንቼታን አማከርኳት። አብራኝ የምታሽግ ጣልያናዊት ናት። የእሷም እናት ዕድሜ ልኳን ጥቁር ለብሳ ነው የሞተችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ያንን ታጥቀሽ አልጋው አጠገብ ብትቆሚ እኮ ልትገንዢው የመጣሽ ነው የሚመስለው!" አለችኝ። "ሊድን የነበረው ሰውዬ በድንጋጤ ይሞትብሻል።"

ሳቅኩ። መሳቄንም አልደብቅዎትም። ቢጫውን ቀሚስ ያዋሰችኝ እሷ ናት፤ ትከሻው ላይ ይጠበኛል።

ጎረቤት እንዳያየኝ ከቤት በጥቁሬና በሰሌኔ ወጣሁ። ነዳጅ ማደያው ሽንት ቤት ገብቼ ቀየርኩ። ሰሌኑን ጠቅልዬ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁት። ስመለስ እዚያው ልታጠቀው ነበር ሐሳቤ፤ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ነገር መስሎኝ ነበር። ሲፈታ ወገቤን በረደኝ፤ በዚያ ሙቀት።

ሎሳሊኔን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። የስኳር ቁስሏን ልታስጠርግ መጥታ ዊልቸር ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ውይ በሞትኩት! ፒሲላ ነሽ እንዴ? ነርስ መስለሽኝ እኮ 'እህት ውሃ አምጪልኝ' ልልሽ ነበር!"

"እኔ ነኝ ሎሳሊኔ። ለሥራ ጉዳይ ነው..."

"ኧረ እኔ ምን አልኩሽ? እንዴት ያምርብሻል ቢጫ! ዓመቱ እንዲህ ቶሎ ሞላ ማለት ነው? እርጅና ነው መሰለኝ፣ ወሩን መቁጠር አቅቶኛል።"

"አልሞላም።"

"ተይው ባክሽ፤ ማን ይቆጥራል እዚህ አገር። ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ።"

ዞር ስል ከኋላዬ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ። ወንድምዎን ለማዋረድ ብዬ አይደለም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በሰሌኔ መሆኑን ይወቁልኝ።

ታናሽዎ
ፒሲላ


ቫቫኡ ደሴት፣ ማርች 28 ቀን 1994

ፒሲላ፣

ጉልበቴ እንደዚያው ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ቫኒላው ተርፏል። አውሎ ነፋሱ የማዕድ ቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ የጎረቤት አሳማ ላይ ጣለው። አሳማው ምንም አልሆነም፤ ሊይዘው ሲሮጥ የወደቀው ባለቤቱ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል።

ከደብዳቤሽ ኋላ በላክሽው ካርድ ላይ ሴቶቹ ምን አሉ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልንገርሽ። ሰሌን ልንሠራ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። የሎሳሊኔ እህት ቀና ሳትል "ቶአካሴ፣ የወንድምሽ ሚስት ሐዘኗን ጨረሰች አሉ፤ እንኳን ደስ ያላት" አለች። የሁሉም እጅ ቆመ። የኔ አልቆመም።

"እኔ ነኝ የፈቀድኩላት" አልኳት። "ለሥራ ፈልጋው ጻፈችልኝ፤ ለአንድ ጠዋት ፍቺው አልኳት። ምነው? ላንቺም መጻፍ ነበረባት?"

"ኧረ እኔስ ለደስታዋ ብዬ ነው" አለች። ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ውሸቴን ነው። አልጻፍሽልኝም። ብትጽፊልኝ ምን እንደምመልስልሽ አላውቅም፤ አሁን ማወቁም አያስፈልግም፣ ፈቅጃለሁ። ለሐዘኑ ጸጉርሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰሌኑን የምፈታውም እኔ ነኝ፤ ቀኑ መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም። ያም ሆኖ የፓስተሩ ሚስት አሁን ሰላምታዋን አሳጥራብኛለች። ገበያ ላይ ሁለት ሴቶች እኔ ስደርስ ስለ ዓሣ ማውራት ጀመሩ። የወንድሟ አፈር ሳይደርቅ ሚስቱን ቢጫ ያስለበሰች ነኝ። እችለዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ስሜን ለምን እቆጥበዋለሁ።

ያልገባኝ ሌላ ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ቀሚስ ጻፍሽ። ስለ ጫማ ጻፍሽ። ስለ ሽቶ ጻፍሽ። ተቀበሉኝ ወይም አልተቀበሉኝም የሚል አንድ መስመር የለበትም። አንቺን አውቅሻለሁ፤ የምትደብቂው ሲኖርሽ ብዙ ታወሪያለሽ። እዚያ ክፍል ገብተሽ ምን ተባለ?

ደግሞስ ለምን ሆስፒታል? ያ ሕንፃ አልበቃሽም?

ቶአካሴ


ሚልዱራ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1994

እትዬ ቶአካሴ፣

ተቀብለውኛል።

በየሐሙሱ ከሰዓት እሄዳለሁ። የጋዜጣና የከረሜላ ጋሪ ከአልጋ አልጋ እገፋለሁ። ሰማያዊ ጋውን ሰጥተውኛል፤ ኪሱ ትልቅ ነው። ከሥሩ ነጭ ሸሚዝ እለብሳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሰሌኑን እፈታዋለሁ ማለት ነው። ባለፈው ደብዳቤ እሁድን ብቻ የጻፍኩልዎ ለዚህ ነው።

ለምን ሆስፒታል ላሉኝ፣ ስለ ወንድምዎ አልጋ ለእርስዎ ማውራት ነውር መሆኑን ስለማውቅ አሳጥረዋለሁ። ተኝቶ በነበረበት ጊዜ ጋሪ የምትገፋ አንዲት አሮጊት ነበረች። ሳሚዩ እንግሊዝኛ አይገባውም፤ ጋዜጣ አይገዛም። እሷ ግን ሁልጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ "ደህና ዋልክ ሳም" ትለዋለች። ከሥራ ወጥቼ ስመጣ "ዛሬም የጋዜጣዋ ሴት መጣች" ይለኛል። ሌላ የሚያወራልኝ ነገር አልነበረውም። እኔ ያቺን ጋሪ ፈልጌ ነው።

ስለ ክፍሉ ደግሞ እነሆ። በእኔ ምክንያት ገበያ ላይ ሰው ወሬ እንደሚቀይርብዎ ካነበብኩ በኋላ ልደብቅዎ አልቻልኩም።

ግሌኒስ ጥሩ ሴት ናት። ይህን አስቀድመው ይወቁልኝ። ሻይ በብስኩት አቀረበችልኝ። ስሜ ስላስቸገራት "ፕሪሲላ ልበልሽ?" አለችኝ፤ በይኝ አልኳት። ቀሚሱን አየችና "እንዲህ ነው እንጂ! ፀሐይ ይዘሽልን መጣሽ" አለች። ጸጉሬንም ወደደችው።

"አጭር እንዴት ይስማማሻል! የት ነው የምትቆረጪው?"

"ዘመድ ነው የሚቆርጠኝ።"

"እጇ ወርቅ ነው በያት።"

እርስዎን ነው። ነገርኩዎ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ዕቃ ማንሳት ትችያለሽ? እችላለሁ። ደም ያስደነግጥሻል? አያስደነግጠኝም። የሰማሽውን ከዚህ ይዘሽ ትወጫለሽ? አልወጣም። ቀላል ነበር። ሁለተኛውን ብስኩት አንስቼ ነበር። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አደረገችና ዝግ ባለ ድምፅ "ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የቅርብ ሰው አልሞተብሽም አይደል?" አለችኝ። "የሞተበት ሰው ዓመት እስኪሞላው እንዲቆይ እንጠይቃለን። ለራሱ ብለን ነው፤ ክፍሎቹ ከባድ ናቸው።"

እትዬ፣ እነሱም ዓመት ይጠብቃሉ። እኔ አላውቅም ነበር። እኛ ብቻ ነን የምንጠብቀው ብዬ ነው ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ውስጥ የተደበቅኩት።

ሰሌኔን ታጥቄ ገብቼ ቢሆን መጠየቅም አያስፈልጋት፤ አይታኝ "ማን ሞተብሽ?" ትለኝ ነበር። እኔ ግን ቢጫ ለብሼ ብስኩት ይዣለሁ። ፀሐይ ነሽ ተብያለሁ። መልሱን ከቀሚሴ ላይ አንብባ ጨርሳ ነበር፤ ከአፌ የጠበቀችው ለወጉ ያህል ነው።

"የለም" አልኳት።

እንዲሁ ነው ያልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። "ጎበዝ" አለችኝና ጋውኑን ልታመጣልኝ ተነሳች።

ስለ ቀሚሱ ያን ያህል የጻፍኩልዎ ይህን ላለመጻፍ ነበር።

ፒሲላ


ቫቫኡ፣ ሜይ 8 ቀን 1994

ፒሲላ፣

ደብዳቤሽን ለማንም አላነበብኩም። የልጄ ሚስት "ፒሲላ ምን አለች እማማ?" ብትለኝ "ሥራ አገኘች" አልኳት። "ደሞዙ ጥሩ ነው?" አለችኝ። "በነፃ ነው" ስላት እንደ እብድ አየችኝ። አንቺን ይሁን እኔን አላውቅም።

ዝም ብዬ የቆየሁት ለምንድን ነው ብለሽ በስልክ በፓስተሩ ቤት ማስጠየቅ አልነበረብሽም። ሰው ፊት ምን ብዬ እንድመልስልሽ ነው? ቆርቆሮ እያስመታሁ ነው አልኳቸው።

ቀሚሱን ተሸክሜልሻለሁ፤ ቀሚስ ጨርቅ ነው። ይሄን ግን አልችልም። ወደዚያ አዳራሽ ተመልሼ "ወንድሜ አልሞተም እንድትል ፈቅጄላታለሁ" ልበላቸው?

አልሞተም ካልሽ የት ነው ያለው ታዲያ? ጓሮ ነው? ሥራ ሄዷል?

የኛን ወግ ታውቂዋለሽ። ሳሚዩ ካደገ ወዲህ ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጬ ቀልጄ አላውቅም። ሲገባ እወጣለሁ። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስቀው ከሌላ ሰው ነው የምሰማው። ድምፁን የማውቀው ከመዘምራኑ መሐል ለይቼ ነው። እህት ለወንድሟ እንዲህ ናት፤ ቅር ብሎኝ አያውቅም። በግልጽ ላደርግለት የተፈቀደልኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሲሞት መሞቱን በራሴ ላይ ማሳየት ነው። እኔ እዚህ ጥቁሬን ለብሼ አሳያለሁ። አውሮፕላን ተሳፍሬ መጥቼ ያንን ሰሌን ወገብሽ ላይ ያሰርኩት እዚያ ደግሞ አንቺ ታሳዪልኛለሽ ብዬ ነው።

አልተቆጣሁም። ወይም ተቆጥቻለሁ፤ ጉልበቴ ሲያመኝ ልዩነቱ አይገባኝም።

ለዚያች ሴት ንገሪያት። በስልክ አይደለም፣ ፊቷ ቆመሽ። ካባረረችሽ ታባርርሽ። ዓመቱ ሲሞላ ኦክቶበር ላይ እመጣለሁ፤ ሰሌኑን በእጄ እፈታልሻለሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ሙዝ ቢጫ ሁኚ፣ ከፈለግሽ እኔም አብሬሽ እለብሳለሁ። ሳትነግሪያት ግን አልመጣም። የምፈታው ሐዘን የለማ።

እስክትነግሪያት አትጻፊልኝ።

ቶአካሴ


ሚልዱራ፣ ጁን 3 ቀን 1994

እትዬ ቶአካሴ፣

ነግሬያታለሁ። የምጽፍልዎም ለዚህ ነው።

ወዲያው አልነገርኳትም። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሐሙስ ግሌኒስ ዕረፍት ላይ ነበረች። በሚቀጥለው ሐሙስ ቢሮዋ ነበረች፤ እንግዶች አሉባት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አንድ እንግዳ ነው የነበረው፤ እሱም ወዲያው ወጣ። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሲወጣ እያየሁት ጋሪውን ገፍቼ አለፍኩ። ሰበብ አልፈልግም። ጋሪውን ወድጄዋለሁ። በሽተኞቹ ድምፄን ለይተው ያውቁታል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ስገባ ሰው ፈገግ ይላል። ይህን ማጣት አልፈለግኩም።

ትናንት አጥንት ክፍል አንድ የኛ አገር ሽማግሌ ተኝተው አገኘሁ። ኢሲሌሊ ይባላሉ፣ የሃአፓይ ደሴት ሰው ናቸው። ከኦክላንድ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ገና ከበሩ ስገባ አዩኝ።

"የኛ ልጅ! ነይ ወዲህ ነይ! ጋዜጣሽን ተይው፤ መነጽሬ ከኔ ጋር ነው የተሰበረው። የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኳቸው።

"አላውቃቸውም። የማንስ ሚስት ነሽ?"

"የሳሚዩ። የቫቫኡው ሳሚዩ።"

"ኦክላንድ ከኛ ጋር የዘመረው? ያ ወፍራሙ?" ሊነሱ ሞከሩ፤ አመማቸው፤ ተሳደቡ፤ ሳቁ። "በመዝሙር ዝቅተኛውን ድምፅ ለብቻዬ ጥሎብኝ የጠፋው እሱ አይደል እንዴ! የመዘምራኑ መሪ እስከ ዛሬ በኔ ይፈርዳል፤ 'ኢሲሌሊ፣ ግማሽህ የት ሄደ?' ይለኛል። እዚህ ነው ያለው? በይ ነገ ና በዪው። ፓፓያ ይዞ ይምጣ። እነዚህ የሚያበሉኝ የሕፃን ምግብ ነው።"

ይህን ሲሉ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ ነበር። ሰማያዊውን ጋውን፣ ከሥሩ ነጩን ሸሚዝ። የኛ ሰው እንዲህ ያለውን በአፉ አይጠይቅም፤ አይቶ ነው የሚያውቀው። ጥቁር የለም፣ ሰሌን የለም። እንግዲያው ሳሚዩ አለ። ነገ ፓፓያ ይዞ ይመጣል።

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ያህል ቀርቦኝ ነበር እትዬ። ግሌኒስ ፊት እንደወጣልኝ ይወጣልኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ነገ በሩን በሩን እያዩ ሊውሉ ነው።

"አባባ፣ ሳሚዩ ሞቷል" አልኳቸው። "ኦክቶበር ላይ። እዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ።"

እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። ከዚያ እንደገና አዩኝ፤ ከአንገቴ ጀምረው እስከ ጫማዬ።

"ታዲያ ልጄ፣ ይሄ የለበስሽው ምንድን ነው?" አሉኝ።

ሊሰድቡኝ አይደለም። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ነገሩ የእውነት አልገባቸውም፤ እንዲገባቸው ፈልገው ነው የጠየቁኝ፤ የምነግራቸውን እየጠበቁ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው ያዩኛል።

መስኮቱ ጋ የተኛው ሰውዬ "የኔስ ጋዜጣ?" እያለ ይጣራል። የልጆቹን ክፍል ገና አላዳረስኩም። ጋሪውን በሁለቱ አልጋዎች መሐል ተውኩት።

የግሌኒስ በር ክፍት ነበር። ስልክ ይዛለች። ስታየኝ ፈገግ አለችና አንድ ጣቷን አነሳች፤ አንዴ ጠብቂኝ ማለቷ ነው። ብጠብቃት እንደማልነግራት አወቅኩ።

"ባሌ ሞቷል" አልኳት፣ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ። "ኦክቶበር ላይ። እዚህ ነው የሞተው። ስትጠይቂኝ የለም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ከውስጡ አንድ ሰው "ሃሎ? ሃሎ?" ይላል። ፊቷ ላይ የመጣው ቁጣ አልነበረም፤ ልታቅፈኝ ነው መሰለኝ ከወንበሯ መነሳት ጀመረች። ያንን መቀበል አልቻልኩም። ጋውኑን አውልቄ በሩ እጀታ ላይ ሰቀልኩት፤ ሰውዬው ከወዲያ ክፍል አሁንም ጋዜጣዬ ይላል፤ ወጣሁ።